ወደ ቂብላ የዞረው መቀመጫ

ወንድሜ ከጅዳ ደውሎ «ለአባዬ ዘመናዊ ሽንት ቤት አሠሪላቸው፤ ዕቃውን እኔ እልካለሁ» ሲለኝ ወላሂ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ጣጣ ይዞ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ሽንት ቤት ነው እኮ!

የምንኖረው መርሳ ነው፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብርቱካንና ማንጎ ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጎንበስ ቀና ሲሉ ጉልበታቸው አለቀ። ሶላት እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት። ለሶላት ወንበር ይፈቀዳል። ከጓሮው ጫፍ፣ ማንጎው ሥር ያለው የጉድጓድ ሽንት ቤት ግን ወንበር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቁጢጥ ነው። አባቴ ከዚያ ሲመለሱ በትራቸውን ተደግፈው፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ዛሬም ተነሣሁ፤ አልሐምዱሊላህ» ይሉ ነበር። ከዘመቻ የተመለሱ ነበር የሚመስሉት።

ወንድሜ የላከው ዕቃ ተራ ዕቃ አልነበረም። አንድ ነጭ መቀመጫ፣ ከሱ ጋር ደግሞ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር የውሃ ታንከር። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ከውጭ የሚታየው የሻይ ሳህን የምታክል፣ ሁለት ቁልፍ ያላት ክዳን ብቻ ናት።

«እዚህ ሁሉም ቤት እንደዚህ ነው፤ ታንከሩ አይታይም» አለኝ።

«ምን አጥፍቶ ነው የሚደበቀው?» አልኩት።

«ለውበት ነው።»

«ሲበላሽስ?»

«አይበላሽም!» አለ። ውጭ አገር የኖረ ሰው ነገር፤ እዚያ የሚበላሽ ነገር የለም።

መርሳ ቧንቧ የሚጠግን ሰው ሞልቷል። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ሲባል ግን ሁሉም ራሱን እያከከ ሄደ። በመጨረሻ ወልድያ አንድ ሰው አለ፣ ሆቴል ሠርቷል ተባለና አስመጣነው። አንገቱ ላይ ማተብ፣ ወገቡ ላይ ሜትር፣ አፉ ላይ ወሬ። ሲሠራ ያፏጫል፤ ፉጨቱን ሲጨርስ ያስተምራል። የጠየቀው ሰው ባይኖርም ያስተምራል። ዕድሜው ከእኔ ብዙ ስለማይርቅ በማግስቱ «እህቴ»፣ «ወንድሜ» መባባል ጀመርን። አባቴን ግን «አባባ» እያለ፣ ሲገቡ ብድግ እያለ ነው። «አደብ ያለው ሰው ነው» አሉኝ አባቴ።

ግድግዳውን ቦረቦረ፣ ታንከሩን ቀበረ፣ ቱቦዎቹን ዘረጋ፣ በሲሚንቶና በሴራሚክ ደፈነው። መቀመጫውን ሊተክል እየለካ ሳለ ቀና ብሎ «እህቴ፣ ቂብላው በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ! እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ነው፣ የክርስቲያን ልጅ ሆኖ ደንባችንን ያውቃል አልኩ በሆዴ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲጸዳዳ ፊቱንም ጀርባውንም ለቂብላ አይሰጥም። ፊታችንን አዙረን ከአላህ ጋር የምንነጋገርበት አቅጣጫ ነው፤ ነውር ነው። ስለዚህ ሽንት ቤት ሲሠራ ጎን ለጎን ተደርጎ ነው። በጣቴ ወደ ወልድያ በኩል አመለከትኩት፤ ከመርሳ ቂብላው በዚያ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በጠመኔ መስመር አሰመረ። አልበቃው ብሎ ሳሎን ሄዶ የአባቴን መስገጃ አየ። ከመስገጃው ጫፍ እስከ ሽንት ቤቱ ክር ወጠረ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በክሩ ላይ አነጣጠረ። እኔም ይህን ጥንቃቄ እያየሁ ሻይ በስኳር አበዛሁለት።

ያለቀ ዕለት ሰፈሩ ተሰበሰበ። ምርቃት ነዋ! ያኔ ውሃውም መብራቱም ነበር። ባለ ቧንቧው እጁን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ መቀመጫው አጠገብ ቆመና ቁልፉን ተጫነ። ውሃው ጓ ብሎ ወረደ፣ ዞረ፣ ጉልጉል ብሎ ጠፋ። ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ጎረቤቴ አንገቷን አስግጋ፣ «ውሃው ከየት መጣ? ጋን የለ፣ በርሜል የለ!» አለች። እሱ የሚጠብቀው ይህችን ጥያቄ ነበር።

«ግድግዳው ሆድ አለው» አለ። «ሆዱ ውስጥ ውሃ አለ፣ ውሃው ላይ ኳስ ይንሳፈፋል። ቁልፉን ስትጫኚው ከሥር ያለው ውታፍ ይነሣና ውሃው ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ውሃው ሲጎድል ኳሱም አብሮ ይወርዳል፤ ሲወርድ ቧንቧውን ይከፍታል። ሲሞላ ኳሱ ከፍ ይልና መልሶ ይዘጋዋል። ማንም ሳይነካው!»

«ማሻአላህ» አለች። «እሺ፣ ሌላውን ማን ይጎትተዋል?»

«ሾፌሮች ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ሲስቡ አላየሽም? መጀመሪያ በአፍ ሳብ ያደርጉታል፤ ጎማው ከሞላ በኋላ ራሱ ይስባል። ከመቀመጫው ሥር ያለው ቱቦ እንደ ግመል አንገት ነው፤ ዝቅ ብሎ፣ ከፍ ብሎ፣ ደሞ ይወርዳል። ብዙ ውሃ ባንድ ጊዜ ሲመጣ ያን አንገት ይሞላዋል። ከሞላ በቃ፣ ያለውን ሁሉ ስቦ ይዞ ይሄዳል።»

«መጀመሪያ በአፉ የሚስበው ማነው?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ፤ ሰፈሩ በሳቅ ተነቃነቀ።

ባለ ቧንቧው አልሳቀም፤ ትምህርቱ አላለቀም። «መጨረሻ ላይ ጥቂት ውሃ አንገቱ ውስጥ ይቀራል። እሱ ክዳን ነው። የጉድጓዱ ሽታ ያን ውሃ አልፎ አይመጣም።» ይህን ብሎ ለአባቴ መንገድ ለቀቀላቸው። የመጀመሪያው እሳቸው ናቸውና።

አባቴ እንደ ደንቡ በግራ እግራቸው ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። ይህ ሁሉ ሕዝብ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። እፍረት የለ፣ ምን የለ! ኮሽታ የለም። ጉልጉልታም የለም። በሩ ተከፈተ፤ አባቴ እንደገቡ ወጡ።

«ይህን ማነው ያዞረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ!» ደረቱን ነፍቶ። «አንዲት ጣት አላሳትኩም! ከመስገጃዎ ጋር በክር ነው ያያዝኩት!»

አባቴ «አስተግፊሩላህ» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እኔ ወደ ውስጥ ሮጥኩ፤ አየሁት። መቀመጫው ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ቂብላ ተተክሏል። ኢማም እንኳ እንደሱ አይስተካከልም።

«አንተ ሰውዬ! ምንድነው ያደረግኸው?»

«ምን አደረግሁ?» ግራ ገባው። «እርዳችሁ ወደ ቂብላ፣ ቀብራችሁ ወደ ቂብላ፣ ስግደታችሁ ወደ ቂብላ! በናንተ ቤት ወደዚያ ያልዞረ ነገር አለ? ታዲያ ይሄ ብቻ ወደ ጅቡቲ ይዙር?»

መጮህ ይሁን መሳቅ አቃተኝ። ነገሩ ሲነገረው ፊቱ አመድ መሰለ። «በስመ አብ! እኔ እኮ ላከብር ብዬ ነው» አለ። አባቴም ሲያዩት አዘኑለት፤ «አብሽር ልጄ፣ ኒያህ፣ ልብህ ያሰበው፣ መልካም ነው። አንተ አላጠፋህም» አሉት። ቀጥለው ግን ወደ እኔ ዞረው «ከዚህ ቤት ሰው ማንም አይቀመጥበትም» አሉ። የአባቴ ነገር እንዲህ ነው፤ ይቅር ይላሉ፣ ፍርዱን ግን አያነሡም።

«እንግዲያ አሁኑኑ አዙረው» አልኩት። የት ይዞራል? ከግድግዳው የሚወጣው የውሃ ቱቦ የሚገባው መቀመጫው ማጅራት ላይ ነው። መቀመጫው ወደ ጎን ከዞረ የተጠማዘዘ ቱቦ ያስፈልጋል፤ እነሱ ጎሚቶ ይሉታል። የዚያ ዕቃ ጎሚቶ ደግሞ ከደሴ ወዲህ አይገኝም። መቀመጫው በሲሚንቶ ስለተያዘ በመዶሻ ሲላቀቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። «ክረምቱ ይውጣና ጎሚቶውን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ወደ ወልድያ ተመለሰ።

የሰፈራችንን ሼህ አማከርኩ። «በግድግዳ መካከል ከሆነ ችግር የለውም የሚሉ ዑለማዎች አሉ፤ ይቀመጡ» አሉኝ። እየበረርኩ ሄጄ ለአባቴ ነገርኳቸው። «ለተቸገረ ነው፤ እኔ እግር አለኝ» አሉ። የትኛው እግር? በየቀኑ የማሸው እሱ እግር?

«እሺ፣ ዘወር ብለው ይቀመጡበት» አልኳቸው። ሞከሩ። ሽርተት ብለው ግድግዳና መቀመጫው መሀል ሲቀረቀሩ ጎትቼ አወጣኋቸው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልተነሣም።

መቀመጫው የቤታችን እንግዳ ሆኖ ቀረ። ክዳኑ ላይ ሽንኩርት አሰጣሁበት። ትንሽ ቆይቶ ቤቱን ሽታ አነቀው፤ ለባለ ቧንቧው ስደውልለት «ሳትጠቀሙበት አንገቱ ውስጥ ያለው ውሃ ደርቆ ነው፤ የሽታው ክዳን ተነሣ ማለት ነው። በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ውሃ አጠጪው» አለኝ። ጉድ በል! የማንቀመጥበትን ሽንት ቤት ውሃ እናጠጣ ጀመር። ጁሙዓ ጁሙዓ አጠጣዋለሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ ጦርነቱ መጣ። ከወልድያ በኩል ሰው በመንገዱ ሙሉ ይጎርፋል፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ ፍየል የሚጎትት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ቀን በራችን ተንኳኳና ብከፍት ባለ ቧንቧው ከሚስቱ ጋር ቆሟል። ትልቅ ቦርሳ ተሸክሟል። ልብስ መስሎኝ ስቀበለው ትከሻዬ ሊነቀል፤ መፍቻ፣ መሮ፣ መዶሻ ነው።

«ልብሱንስ?» አልኩ።

«ተዪው እባክሽ!» አለች ሚስቱ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ባሏን በአንድ ዓይኗ የምትቆጣጠር ሴት ናት። «ጥይት እየጮኸ የመፍቻ ቁጥር ይለያል! እኔ ነኝ እየጎተትኩ ያመጣሁት።»

«ጎሚቶውን ግን አላገኘሁም» አለኝ እሱ፤ እንባ ባቀረረ ዓይን። አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው ይህን ነበር ያስቀደመው።

እነሱ ወደ ደሴ ሊቀጥሉ ነበር የመጡት። አባቴ መሄድ አይችሉም፤ «እኔ እንኳን ደሴ እዚሁ አጠገባችን ውርጌሳም አልደርስ» አሉ፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን ጥዬ የትም አልሄድም። ባለ ቧንቧው ይህን ሲሰማ ቦርሳውን መልሶ አስቀመጠ። «ሽማግሌ ጥለን የት እንሄዳለን» አለ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችውና ነጠላዋን አወለቀች፤ ኩሽና ገባች። በቃ አብረን ቀረን። ወዲያው መርሳም ተራዋ ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ውሃ ጠፋ። የወንድሜ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም። ውሃ ከወንዙ በአህያ፣ በጀሪካን እናመጣለን፤ ተኩስ ሲረግብ።

በሽንት ቤት በኩል ባለ ቧንቧው ችግር አልነበረበትም። በመጣ በማግስቱ አባቴን፣ «አባባ፣ እኔ ብጠቀምበትስ?» ብሎ ጠየቃቸው። «አንተ እንግዳም ነህ፣ ቂብላህም ሌላ ነው፤ ይፈቀድልሃል» አሉት። እንዲህ ሆነና ለአባቴ ጉልበት ተብሎ ከጅዳ የመጣው መቀመጫ ላይ ባለ ቧንቧው እያፏጨ ይቀመጣል፣ በባልዲ ውሃ ይደፋል። አባቴ ግን በትራቸውን ይዘው፣ እኔ ደግፌያቸው፣ ጓሮውን አቋርጠን ማንጎው ሥር እንሄዳለን። ጓሯችን ከወዲያኛው ኮረብታ ፊት ለፊት ነው፤ ከኮረብታው ይተኮሳል፣ ወደ ኮረብታው ይተኮሳል። እኔ ከጉድጓዱ በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። ጥይቱ በላያችን ፉት ፉት እያለ ያልፋል። አንዴ የማንጎ ቅርንጫፍ ቆርጦ ራሴ ላይ ጣለብኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ፖፖ አምጥቼ አልጋቸው ሥር አስቀመጥኩ። አይተውት «ጥርስ ሳላወጣ ታውቂኛለሽ?» ብለው በበትራቸው ገፉት።

ከዚያ አባቴ መጾም ጀመሩ። መጀመሪያ ሰኞና ሐሙስ ነበር። ቀጥሎ በየቀኑ ሆነ። ሲያፈጥሩም አንድ ቴምርና አንድ ጉንጭ ውሃ፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ፤ በቃኝ። ለአገሩ ሰላም ዱዓ ይዘው ነው ብዬ፣ ወላሂ፣ ኮርቼባቸው ነበር። ለጎረቤቱ ሁሉ «አባዬ ለሁላችንም እየጾሙ ነው» እላለሁ። ወደ ጓሮም መውጣቱ ቀነሰ። ይህንንም የዱዓው በረከት ነው አልኩ። የእኔ ነገር!

አንድ ቀን የአስርን ሶላት ሰግደው ከወንበራቸው ሊነሡ ሲሉ ተንገዳገዱና ወለሉ ላይ ወደቁ። ተሯሩጠን አልጋ ላይ አወጣናቸው። የባለ ቧንቧው ሚስት እናቷን ለብዙ ጊዜ አስታማ የቀበረች ሴት ናት። የአባቴን እጅ ይዛ ቆዳቸውን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው አልተመለሰም፤ እንደተቆነጠጠ ቆመ። ከንፈራቸውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እህቴ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ ውሃ አይጠጡም። በዚህ ከቀጠሉ አይሰነብቱም» አለችኝ።

«አባዬ?»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«አባዬ፣ ውሃ ለምን አይጠጡም? ጾሙስ ቀን ነው፤ ማታስ?»

ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ከጠጣሁ እወጣለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ከወጣሁ ትከተይኛለሽ። አትከተዪኝ ብል አትሰሚም። ማንጎው ሥር ቆመሽ ስትጠብቂኝ ያ ነገር በላይሽ ያልፋል። እኔ የበቃሁ ሽማግሌ፣ ለሽንቴ ብዬ ልጄን ላስገድል?»

እኔ ሲከፋኝ ማልቀስ አላውቅበትም፤ ሲከፋኝ እጮሃለሁ። ጮኽኩባቸው። «ታዲያ እዚህ ይቀመጡበታ! አምስት እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ አለልዎት እኮ! አላህ ጭንቁን አያይም? ሽንት ቤቱ እንኳ በየሳምንቱ ውሃ ሲጠጣ እርስዎ ደርቀው ሊሞቱ ነው?»

«አላህ ያያል» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እኔም አያለሁ። ልጄ ባሕር ማዶ ነው፤ ድምፁ ጠፋ። ብርቱካኔን ረገጡት። ጎረቤቴ የት እንደገባ አላውቅም። ዞሬ የማለቅስበት አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የቀረኝ። እሱን ደግሞ በሽንቴ ላበላሸው?»

ዞር ስል ባለ ቧንቧው በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። በሕይወቴ ያን ሰው ያለ ወሬ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሄደ፣ ቦርሳውን ከፈተ፣ መዶሻና መሮውን ይዞ ሽንት ቤት ገባ።

ዝምታው ግን አልቆየም። ሴራሚኩን በከፊል አንሥቶ ከግድግዳው የሚወጣውን ቱቦ ሲያይ ሐሳብ ገባው። «ጎሚቶ» አለ። «ጎሚቶ ከሌለኝ ውሃውን እንዴት ወደ መቀመጫው አዞረዋለሁ? ከአባባ የመስኖ ሞተር ጎማ ብቆርጥስ? በሽቦ አስሬ...»

«የትኛውን ውሃ?» አልኩት። «ከተማው ውሃ የለው! ታንከሩ ባዶ ነው!»

«እህቴ፣ ያለ ማጠቢያ ምኑን ዘመናዊ ሽንት ቤት ሆነ? እኔ የጀመርኩትን ሥራ አጉድዬ...»

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ሚስቱ ከኩሽና መጣች፤ እጇ ላይ ሊጥ። «ስትቀመጥበት የከረምከው በባልዲ እየደፋህ አይደል? ታንከርህን እዚያው ግድግዳው ውስጥ ይቅበረው! መቀመጫውን አዙርላቸው!»

መዶሻውን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ላይ ከወልድያ ተሰዶ ሲመጣ እንኳ ያላየሁበትን ኀዘን አየሁ። «እውነት ነው» አለ በመጨረሻ። «ዋናው የውሃው ብዛት ነው። ባንድ ጊዜ ከተደፋ አንገቱን ይሞላዋል። ከግድግዳ ይምጣ ከባልዲ፣ ግመሉ አያውቅም።» እያለ ጀመረ።

መሮውን ሲሚንቶው ላይ እያሳረፈ በቀስታ ይመታል። ጠንከር ካለ መቀመጫው ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ሌላ የለም። ከኮረብታው ከባድ መሣሪያ ድም ሲል ይቆማል። ይረግባል፤ ይመታል። ድም፣ ይቆማል። እኔ መቀመጫውን አቅፌ ይዣለሁ። ልጅ አልሰጠኝም እንጂ፣ ቢሰጠኝም እንደዚያ አላቅፈውም።

በዚህ መሀል የግቢያችን በር በእርግጫ ተመታ። ጠመንጃ የያዙ ልጆች ናቸው። የመዶሻው ድምፅ ነው የጠራቸው።

«ምንድነው የምትቀብሩት?» አለ ከፊት ያለው።

«ኧረ አንቀብርም፤ የተቀበረውን...» ብሎ ባለ ቧንቧው ሊያስረዳ ሲጀምር ቆነጠጥኩት። ዘግይቷል። ልጁ ገብቶ ግድግዳውን በጠመንጃው ሰደፍ ኳኳ አደረገው። ግድግዳው ባዶ ባዶ ጮኸ።

«እዚህ ውስጥ ምን አለ?»

«የውሃ ማጠራቀሚያ ነው።»

«ውሃ ለምን ይደበቃል?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ከመጀመሪያው የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። «ለውበት ነው» አልኩ። ልጁ የሻይ ሳህን የምታክለውን ክዳን ነቅሎ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ፈለገ፣ ፈለገ፣ ጎትቶ ያወጣው ኳሷን ነው። ገልበጥ አድርጎ አያት።

«ይሄስ?»

«እሷ ውሃው ሲጎድል ትወርድና...» ባለ ቧንቧው ጀመረላችሁ! ጠመንጃ ተደቅኖበት ከውታፉ እስከ ግመሉ አንገት አንዲት ሳያስቀር አስተማራቸው። ልጆቹ መጀመሪያ በጥርጣሬ፣ ኋላ በእውነት ያዳምጡት ጀመር። አንደኛው እንደውም «ታዲያ ሽታው በየት ይመለሳል?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ከመኝታቸው ሆነው ድምፃቸውን አሰሙ። «ልጆቼ፣ እኔ ሽማግሌው የምሸናበትን እያስተካከሉልኝ ነው።»

«አባ፣ በዚህ ጦርነት መሀል?»

«ሽንት ጦርነት ያውቃል እንዴ?» አሉ አባቴ።

ልጆቹ ሳቁ። ሳቃቸው የልጅ ሳቅ ነበር፤ የሰው ልጆች ናቸው፣ ምን ይደረግ። ከፊት የነበረው ኳሷን መልሶ ሰጠን። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ሽንቱ ይዞት፣ አፍሮ እንዲህ እንዲህ ሲል፣ «እሱ ፈርሷል፣ ማንጎው ሥር ሂድ» አልኩት። ሄደ፤ ሮጦም ተመለሰ። የማንጎው መንገድ ምን እንደሚመስል እሱም አወቀው።

ከሄዱ በኋላ ወደ ሥራችን ተመለስን። መቀመጫው በመጨረሻ ቅርክር ብሎ ሲላቀቅ ሦስታችንም «አላህ!»፣ «እመቤቴ!» አልን፤ ሁሉም በየቋንቋው። አልተሰነጠቀም። ከወለሉ ቀዳዳ ሳናነሣው ጎኑን ለቂብላ እንዲሰጥ አዞርነው። የተረፈን ሲሚንቶ እርጥበት ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። ሚስቱ «ዞር በሉ» ብላ ጭቃ ከጭድና ከአመድ ጋር አቡክታ ዙሪያውን መረገችው፤ እንደ ጎጆ ግድግዳ በመዳፏ አለሰለሰችው። ከጅዳ የመጣው ዘመናዊ ዕቃ የወረዳችን የሀብሩ ጭቃ ተቀባ። ፊቱ ግን ዞሮ በቀጥታ በሩ ላይ ወደቀ፤ በሩ ሲከፈት የተቀመጠ ሰውና ሳሎን ያለ እንግዳ ፊት ለፊት ይተያያሉ። «መጋረጃ ይደረግበታል» አልኩ። በዚያ ጭንቅ ማን ስለሱ ያስባል?

«አባባ፣ አልቋል» አለ ባለ ቧንቧው። ግራና ቀኝ ይዘን አመጣናቸው። እሳቸው ግን የሰው ቃል የሚያምኑ አልሆኑም፤ አንዴ ተነክሰዋል። «ክር» አሉ። ክር ሰጠናቸው። አንዱን ጫፍ እኔ መስገጃው ላይ ያዝኩ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አነጣጠሩ። ባለ ቧንቧው ከአጠገባቸው ቆሟል፤ የመጨረሻ ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ ነበር የሚመስለው። ከውጭ ተኩሱ እንደገና ጀመረ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም።

አባቴ ክሩን ለቀቁት። አልገቡም፣ አልተቀመጡበትም፤ ከሰውነታቸው ምን ሊወጣ? ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው አረፉ። የባለ ቧንቧውን እጅ ያዙና፣ ጭቃው ሳይታጠብ፣ ሳሙት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ውሃ አምጪልኝ» አሉ።

በጆግ አመጣሁ። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ታች ጠጡት። ጉሮሯቸው ሲወርድ ይሰማል። ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉልኝ።

«ጨምሪ።»

ጨመርኩላቸው። ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

«ምን ያስለቅስሻል?» አሉ አባቴ። «ጨምሪ።»